ሰንበት የሚያከብር ዋይፋይ

መምህርት ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እንዴት አመሻችሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ የተሳሳተ ፊደል ካለ እለፉኝ።

የማርቆስ ልጅ ነኝ፣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ ራሴ ተማሪ ነኝ፤ ማስተርሴን በርቀት እየተማርሁ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በላፕቶፕ የቀጥታ ክፍል አለን።

ዛሬ አራት ጊዜ ከክፍሉ ወጣሁ። ወጣሁ ስል ተገፍትሬ ነው። መምህሩ ስሜን ጠርቶ ጠየቀኝ፤ ልመልስ አፌን ስከፍት ዋይፋዩ ድርግም። ተመልሼ ስገባ ጥያቄው ሦስተኛ ሰው ጋ ደርሷል። አንዱ የክፍል ጓደኛችን «ጥያቄ ሲመጣ የሚጠፋ ኔትወርክ የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጻፈብኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላርግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ከግቢው ኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። ኢንተርኔቱ ፋይበር ነው፤ የገባው ዋናው ቤት፣ አከራዬ ሳሎን ውስጥ ነው። ክፍያውን ከእትዬ ጋር እኩል እንካፈላለን። ዋይፋዩን የሚረጨው ሣጥን፣ ራውተሩ፣ ፍሪጅ አናት ላይ ተቀምጧል፤ እትዬ ዳንቴል አልብሰውታል። ከእሱ እስከ እኔ አልጋ 12 እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ። በመሃል የሳሎኑ ብሎኬት ግድግዳ፣ የእኔ ጭቃ ግድግዳና የላሜራ በሬ አሉ።

የሚቆራረጠው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ስልኬ እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ ጥፋተኛው ላፕቶፑ ነው ብዬ ድራይቨሩን (የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ። የዋይፋዩን ስም አስረስቼ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገባሁ። በመጨረሻ ጠጋኝ ጋ ወሰድሁትና ፎርማት ተደረገ። (ጠጋኝ ጋ ከሄድሽ መልሱ ፎርማት ነው። አይጥ ገብቶበት ብትወስጅውም ፎርማት ነው።) ምንም ለውጥ የለም።

ሌላ፦ ቅዳሜና እሁድ ደህና ነው። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ መስመሩ ስለሚለቀቅ ይመስለኛል። ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ጋ ሁለት ጊዜ ደወልሁ፤ «ከእኛ በኩል ችግር አይታይም» አሉኝ። አላመንኋቸውም።

ላፕቶፕ ልቀይር? ወይስ ሌላ የምሞክረው ነገር አለ?


ዳሞቴው

ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።


መምህርት ዘማርቆስ

ወንድሜ፣ በቀን ሦስቴ አጠፋዋለሁ። ከዚህ በላይ ከፍሪጁ አጠገብ ከታየሁ እትዬ ወተት የምሰርቅ ይመስላቸዋል።


ባለ ሮቶው (ፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ በእናንተ ግቢ በመሃል ሮቶ አለ ወይ? ሳቂ ግን መልሽልኝ።

እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት። ራውተሩ መኝታ ቤት ነው፣ ሱቋ ግቢውን ተሻግራ ነው። በመሃል መሬት ላይ የተቀመጠ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ አለ። ውሃ የመጣ ዕለት ኢንተርኔት ይጠፋል። ውሃ የጠፋ ዕለት ኢንተርኔት ይመጣል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ባለቤቴ «ሁለቱን ባንድ ቀን የሰጠኝ ዕለት ለማርያም ስለት አለብኝ» ትል ነበር።

ለካ ውሃ ነው የሚውጠው። የዋይፋይ ሞገድ በባዶ ሮቶ ውስጥ ያልፋል፤ ፕላስቲክ ምንም አይለውም። ሮቶው ሲሞላ ግን አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ ፊቱ ላይ ቆመ ማለት ነው። ራውተሩን ከነበረበት ወስጄ መስኮቱ ሥር አስቀመጥሁት፤ ሮቶውን በጎን አለፈው፤ አለቀ። ባለቤቴ ስለቷን ከፍላለች፤ አምስት ጧፍ ነበር።

ሮቶ ከሌለ ደግሞ ብረት ፈልጊ። ላሜራና ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሱታል። ባለ መስታወት ቁም ሳጥንም እንዲሁ ነው፤ መስታወቱ ጀርባው የተቀባው ብረት ነው። ራውተሩን ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥም አይመከርም፣ ፍሪጅ ራሱ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። ዳንቴሉ ሞገድ አይከለክልም፣ ግን ሙቀት ያፍናል። ለእትዬ በዘዴ ንገሪያቸው።


ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ይኸ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያስተላልፍ ዕቃ) ግዢና በሩ አጠገብ ሰኪው። እኔ ሁለት አለኝ።


ባለ ፒንሳው (ቡሬ)

እታለም፣ ምንም አትግዢ። ላፕቶፑንም አትቀይሪ። ሪፒተር የሚሰጥሽ ከራውተሩ የተቀበለውን ነው፤ አብዛኞቹ በዚያው ሞገድ ተቀብለው በዚያው ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበሉታል። ደግሞም ምን እንደተሰበረ ሳናውቅ ነው ልንጠግን የተነሣነው።

እኔ ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፤ ኔትወርክ በጎን ተማርሁት። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ የተሳፈረ ሰው ሳይደርስ ቢቀር መጀመሪያ የምትጠይቂው «ከመናኸሪያ ወጥቷል ወይ?» ብለሽ ነው። ዓባይ በረሃ ወርደሽ አትፈልጊውም። ያንቺም መንገድ ሁለት ክፍል ነው። ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው 12 እርምጃ አንድ፣ ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው ሁለት። አንቺ ዓባይ በረሃን ነው ስትሰድቢ የከረምሽው። መናኸሪያውን አላየሽም።

እንዲህ አድርጊ። ላፕቶፑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ክፈቺና አይፒኮንፊግ ብለሽ ጻፊ። ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ፊት ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ከዚያ ፒንግ፣ ክፍተት፣ ያ ቁጥር፣ ክፍተት፣ ሰረዝና የእንግሊዝኛዋ ቲ። እስክታስቆሚው ድረስ በየሰከንዱ ራውተሩን «አለህ?» እያለ ይጠይቃል። ሁለተኛ መስኮት ከፍተሽ በ8.8.8.8 ያንኑ አድርጊ፤ ይኸኛው የውጭ አድራሻ ነው። ክፍል ስትገቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ተያቸው። የውጭው ብቻ ዝም ካለ አቅራቢዎቹን ተቆጪ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዝም ካሉ ነገሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ስልክሽ ላይ ዳታ ክፍት ነው? ክፍት ከሆነ ምስክርነቱን አልቀበልም። ስልክ ዋይፋይ ሲያጣ ሳይነግርሽ በሲም ካርዱ ይቀጥላል። ዳታውን ዝጊና እንደገና ጠይቂው።

ሦስተኛ፣ ደብተር ያዢ። የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየም። ትንሽ መንተባተብና ጨርሶ መጥፋት አንድ አይደሉም፤ ለየብቻ ጻፊያቸው።

አራተኛ፣ ሲጠፋ ሮጠሽ የራውተሩን መብራቶች እዪ። ሎስ የምትባለዋ ቀይ ካበራች ከውጭ የሚመጣው ፋይበር ብርሃን አጥቷል። ፖን የምትባለዋ ብልጭ ብልጭ ካለች ሳጥኑ ከመስመሩ ጋር ገና እየተዋወቀ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ጠፍተው እንደ አዲስ ከጀመሩ ግን ነገሩ ኢንተርኔት አይደለም፣ መብራት ነው።


ጣና ዳር

ደብተር በ21ኛው ክፍለ ዘመን? ዊንዶውስ ራሱ የ3 ቀን የዋይፋይ ታሪክ ያወጣል እኮ። ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ ኔትሽ፣ ደብሊውላን፣ ሾው፣ ደብሊውላንሪፖርት ብለሽ በየመካከሉ ክፍተት ሰጥተሽ ጻፊ። መቼ እንደተያያዘና መቼ እንደተቋረጠ በሥዕል ያሳይሻል።

እግረ መንገድሽን ዲቫይስ ማኔጀር ግቢ። ኔትወርክ አዳፕተርስ ሥር የዋይፋይ ካርድሽን ሁለቴ ተጫኚውና ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቺ። ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅድ ምልክት አለ፣ አንሺው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ያ ገጽ አይታይም፤ ከሌለ እለፊው።


መምህርት ዘማርቆስ
ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ተመለስሁ። ደብተር ይዤ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ስልኬ። ዳታውን ዘጋሁት። ላፕቶፑ ሲጠፋ እሱም ጠፋ! ለካ እስከዛሬ ካርዴን ሲበላ ኖሯል። «ይኸ ስልክ ብር ይበላል» እያልሁ ስንት ጊዜ ተማርሬያለሁ።

የባትሪ ቁጠባውን ምልክት አነሣሁት። ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ የሚያደርጋት የነበረች ትንሽ መጥፋት ቀረች። ትልቁ ግን አልቀረም።

ሮቶ የለንም። ቁም ሳጥን ግን አለኝ፣ ባለ መስታወት፣ በትክክል በራውተሩ አቅጣጫ ቆሟል። ለብቻዬ ላነቃንቀው አልቻልሁም።

አሁን ደብተሩ። ትልልቁን መጥፋት ብቻ ነው የምቆጥረው፤ ሲጠፋ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ረቡዕ 3 ጊዜ። ሐሙስ 5 ጊዜ፤ 1፡10፣ 1፡35፣ 2፡05፣ 2፡20፣ 2፡50፤ ክፍል ነበረኝ፣ የሆንሁትን አትጠይቁኝ። ዓርብ ምንም። ቅዳሜ ምንም። እሁድ ምንም። ዛሬ ሰኞ 4 ጊዜ። ሁሉም ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የጣና ዳር ሪፖርትም ያንኑ ነው ያለው፤ እኔ ደብተሬን እመርጣለሁ።

ሁለቱም የፒንግ መስኮቶች ባንድ ጊዜ ነው ዝም የሚሉት።

ስለ መሥሪያ ቤቱ ያልሁት ፉርሽ ነው። ዓርብ ሥራ ነበር፤ እኔ ራሴ ፈተና ሳርም ነው የዋልሁት። ዓርብ ምን ነበር ብዬ ሳስብ 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ዋይፋዬ ሰንበት ያከብራል። ሚካኤልንም ያከብራል። ከእኔ ይሻላል።


ባለ ፒንሳው

ሸጋ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ግን ዋይፋይ ሰንበት አያከብርም። የሚያከብረው ሰው ነው። ግቢው ውስጥ በሥራ ቀን ማታ ከ1 እስከ 3 የሚሠራ፣ ለሚካኤል ግን እጁን የሚሰበስብ ማን ነው? የሚሰካውስ ምንድን ነው?


መምህርት ዘማርቆስ

ወይኔ።

እትዬ እንጀራ ይጋግራሉ። ለሁለት ምግብ ቤት ያቀርባሉ። ማታ ነው የሚጋግሩት፣ ጠዋት ነው የሚወሰድላቸው። ቅዳሜና እሁድ እሳት አይነኩም። ሐሙስ ማታ የዓርቡንም ጨምረው ስለጋገሩ ነው መሰል 5 ጊዜ የጠፋው።

አምፖሌም በዚያ ሰዓት ጭልም ብሎ ይመለሳል። ለምጄው ነገሬ ብዬ አላውቅም ነበር። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም አይሰማውም፤ ራውተሩ ነው ለካ የሚሞተው።


ጣና ዳር

ይኸ አልገባኝም። የራውተር አዳፕተር ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል። ምጣዱ ተሰክቶ መብራቱ ወደ 180 ቢወርድ እንኳ ራውተሩ ምን ቸገረው? እኛ ጋ ማታ ማታ ከዚያም ይወርዳል፣ ራውተሬ ግን አይጠፋም።


ባለ ፒንሳው

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዝም ብሎ መውረድ ብቻ ቢሆን ራውተሩ ባልጠፋ ነበር።

የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ስታካፍይው 16 አምፔር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ከሚሰካ ነገር ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ጋጋሪ ደግሞ አንዴ ሰክታ አትተወውም፤ ምጣዱ ሲግል ታጠፋዋለች፣ ሲቀዘቅዝ ታበራዋለች። እንግዲህ የኩሽናው መስመርና የሳሎኑ መስመር አንድ ቦታ ላይ ተጠማዝዘው የተገናኙ ከሆነ፣ ያ መጋጠሚያም ከላላ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ያቺ ላላ ቦታ ላይ መብራቱ ለቅጽበት ጨርሶ ይቆረጣል። አምፖል ጭልም ብሎ ይመለሳል። ፍሪጅ ልብ አይባልም። ራውተር ግን ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ከጠፋ እንደገና ተነሥቶ ከመስመሩ ጋር እስኪተዋወቅ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። አዳፕተሩም ካረጀ ያቺን ቅጽበት መሸከም አይችልም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ዋይፋይሽ አይደለም፣ ያ መጋጠሚያ ነው። 16 አምፔር በላላ ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ነገ ከክፍል በፊት ሞክሪና አረጋግጪ፤ ከዚያ ባለሙያ ጥሪ። እባክሽ ራስሽ እንዳትከፍቺው።


መምህርት ዘማርቆስ
ዓርብ፣ ኅዳር 19

አለቀ። ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎን ገባሁ። ለእትዬ «ምጣድዎ ሲሰካ ኢንተርኔቱ የሚጠፋ ይመስለኛል» አልኋቸው። ወገባቸውን ያዙ። «የኔ ምጣድ ከሰማይ ገመድሽ ጋር ምን አገናኘው ልጄ?» አሉኝ። ገመዱ ከሰማይ እንዳልሆነ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ ፍሪጁ ፊት ቆምሁ። ራውተሩን ነካሁት፣ እንደ ትኩስ ድንች ነው። አራቱም መብራቶች አረንጓዴ ናቸው።

እትዬ ኩሽና ሆነው «ልሰካው?» ብለው ጮኹ።

«ይሰኩት!»

አምፖሉ ጭልም አለ። ራውተሩ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ እልም። ከዚያ ፓወር ብቻዋን መጣች። ፖን ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ሎስ አልበራችም። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሁሉም ተመለሱ።

«እንደገና ልሞክረው?» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ተለውጧል። እንደገና ሰኩት። እንደገና እልም። በሦስተኛው ራሳቸው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ፣ እኔ ሄጄ ሰካሁት። ሲጠፋ አይተው አማተቡ። «እና እስከዛሬ ከትምህርት የማስወጣሽ እኔ ነኝ?» አሉ። ያን ዕለት ማታ ክፍሌ እስኪያልቅ አልጋገሩም። ከ3 ሰዓት በኋላ ጀምረው እኩለ ሌሊት ድረስ ቆሙ። አፈርሁ።

ረቡዕ ኤሌክትሪሽያን መጣ። ከኩሽናው ኮርኒስ ሥር ያለችውን ክብ ሳጥን ከፈተ። ውስጡ ሦስት ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጠማዝዞ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ ቀልጦ አንዱ ጎኑ ተጠብሷል። የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ በጣቱ ሲነካው ተፈረፈረ። ሽታው እስከ በሩ ድረስ መጣ። «ይኸ እስከ ገና አይደርስም ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር ጀምሮ ለብቻው ወፈር ያለ ሽቦ ዘረጋለት። ለሳሎኑ መጋጠሚያ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ አደረገ። ሽቦውን እትዬ ገዙ፣ የእጁን እኔ ከፈልሁ።

ትላንት ሐሙስ ክፍል ነበረኝ። ፒንጉን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ዓይኔን እሱ ላይ ነበር ያደረግሁት። እትዬ እየጋገሩ ነው። አንድም ጊዜ አልጠፋም። መምህሩ ሲጠይቀኝ መለስሁ። (ተሳሳትሁ፣ ግን መለስሁ።)

ትንሿ መንተባተብ ግን ትንሽ ነበረች፤ ድምፅ ለአንድ ሰከንድ ቁርጥ እያለ። ባለ ሮቶው፣ እሱን ያንተ ምክር ነው የጨረሰው። ሁለት ተማሪዎቼ መጥተው ቁም ሳጥኑን ወደ ጎን ገፉልኝ። ራውተሩንም እትዬን አስፈቅጄ ከፍሪጁ ወደ መስኮቱ መደርደሪያ አዛወርሁት። ዳንቴሉ ፍሪጁ ላይ ቀርቷል፣ በዚያ አልተስማማንም።


ባለ ፒንሳው

እሰይ! አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ራውተርሽ ሁለት ሞገድ በአንድ ስም የሚያሰራጭ ይመስለኛል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይደፍርም። ላፕቶፕሽ በሁለቱ መካከል ሲዋልልም ድምፅ ሊቆረጥ ይችላል። በብራውዘር 192.168.1.1 ግቢ፤ መግቢያው ስምና የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ሁለቱን ሞገድ ለየብቻ ስም ስጫቸውና ከሰርቪስ ሆነሽ 2.4ን ተጠቀሚ። ቻናሉንም ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ምረጪ፤ በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይረግጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ጎረቤቶችሽ የሌሉበትን ያዢ።


መምህርት ዘማርቆስ

አደረግሁት። በሰፈሩ ስድስት ዋይፋይ ይታየኛል፣ አምስቱ 6 ላይ ተደራርበዋል። እኔ 1ን ያዝሁ። ስሙን «እትዬ ምጣድ» አልሁት፤ ሲያዩት ሳቁ፤ የይለፍ ቃሉ ግን የእሳቸው ነው፣ አልናገርም።

አቅራቢዎቹ ጋም ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ተውሁት፣ ወረፋው ረጅም ነው።


ዳሞቴው

እኔ መጀመሪያውኑ አጥፍተሽ አብሪው ብዬ ነበር። እትዬ ሲያጠፉና ሲያበሩት ነው የከረሙት ለካ።


ደጀን በር (ደጀን)

ይኸን አንብቤ የራሴን ልጠይቅ መጣሁ። እኔ ጋ ማታ ደህና ነው፣ የሚጠፋው ቀን ቀን ነው፤ ከ3 ሰዓት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት፣ በየአምስት ደቂቃው። እሁድ አይጠፋም። ምሳ ሰዓት ላይም ደህና ነው። ምጣድ የለንም፣ እንጀራ ገዝተን ነው የምንበላው። ፊት ለፊታችን ብየዳ ቤት አለ፣ ሌላ ምንም የለም።


ባለ ፒንሳው

ወንድምዓለም፣ ያንን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ደግመህ አንብበው።


ደጀን በር

...እሽ። ነገ ሄጄ ሻይ እጋብዘዋለሁ።